ከነክታቡ የለካሁት ክንድ

ያን ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ እናቴ ግን «ሃያን አልፈሻል፣ ዕድሜሽን አትስረቂ» ትለኝ ነበር። ንጉሡ ወርደው ወታደሮቹ የተተኩበት ሰሞን ነው። ራቡ መካነ ሰላም የገባው ግን ሬዲዮ ሳያወራው በፊት ነው። ቆላው ሰዉን እየተፋ፣ ከገበያው በታች ያለው ባሕር ዛፍ ሥር ቤተሰብ በቤተሰብ ላይ ይሰፍር ነበር።

እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት አባቴ ከአቀስታ ገበያ ጨው ጠቅሎ ከሚያመጣበት ጋዜጣ ነው፤ ያልገባኝን ያገኘሁትን መንገደኛ ሁሉ እያቆምኩ እጠይቅ ነበር። ታዲያ የጤና ሰዎች ከደሴ መጥተው «የሕፃናቱን ጉዳት የምናጠናበት መጻፍ የሚችል ሰው አምጡ» ሲሉ አጎቴ እጄን ይዘው ወሰዱኝ። አጎቴ የእናቴ ወንድም ናቸው፤ ቁርአን ያስቀራሉ፣ ለታመመ ክታብ ይጽፋሉ።

«መጻፍማ ትችላለች ወላሂ! ከኔ የምትለየው እኔ ከቀኝ ስጀምር እሷ ከግራ መጀመሯ ነው» ብለው አሳቋቸው።

ሥልጠናው ከጠዋት እስከ ምሳ ነበር። ሰባት ነበርን፣ ሴት እኔ ብቻ። አሠልጣኛችን፣ ቁስል የሚያጥበውና መርፌ የሚወጋው ድሬሰር፣ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ የተቀባ ጥብጣብ አውጥቶ፣ የሕፃን ግራ ክንድ መሃሉ ላይ እንዴት እንደሚለካ በራሱ ክንድ አሳየን። ክንዱ ቀጥኖ ቀይ ያወጣ ልጅ ወተት ወደሚሰጥበት ድንኳን ይገባል፤ አረንጓዴ ያወጣ «ደህና» ተብሎ ተጽፎ ይመለሳል።

«ክንዱ ባዶ መሆን አለበት» አለ። ሌላውን ሁሉ ደጋግሞ ሲያስረዳ ይቺን አንዴ ብሎ አለፋት።

እኔ ግን እዚያችው ላይ ቀረሁ። በኛ አገር የታመመ ሕፃን ግራ ክንዱ መቼ ባዶ ይሆናል? በቆዳ የተሰፋ ክታብ ይታሰርበታል፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ያስራል። ልጠይቅ እጄን ሳነሣ፣ አጠገቤ የተቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ ጥብጣቤን እያየ፣

«አንቺዬ፣ ክንድ ልትለኪ ነው ወይስ ቀሚስ ልትሰፊ?» አለኝ።

ሳቁ። እጄን ወደ ኩታዬ መለስኩት። ድሬሰሩ «ያልገባው አለ?» ሲል ከሁሉ ቀድማ «ገብቶኛል» ያለችው እኔ ነኝ።

በሦስተኛው ቀን አንዲት የቆላ ሴት ሁለት ዓመት የሚሆነው ልጇን አዝላ መጣች። ልጁ አያለቅስም፤ ዝንብ ዓይኑ ላይ ሲያርፍም አያባርርም። ክንዱ ላይ ከአውራ ጣቴ የሚወፍር ክታብ አለ።

«እታለም፣ ይችን ለአፍታ ፍቺልኝ» አልኳት።

«ያንቺው አጎት እኮ ናቸው የጻፉለት! እስኪድን አይፈታ ብለውኛል። ሁለቱን ታላላቆቹን ባዶ ክንዳቸውን ነው የቀበርኳቸው። መፈታት ካለበት አንቺው ፍቺው፤ እኔ እጄን አልሰድም።»

አልፈታሁም። ለሰው ስናገር ክታቡን ፈርቼ ነው እላለሁ። እውነቱን ለመናገር የፈራሁት ማመልከቻ ጸሐፊውን ነው፤ ሰልፉ ረዝሟል፣ እሱ ከጎኔ እየለካ ያየኛል፣ ድሬሰሩን ሄጄ ብጠይቅ «አልቻለችም» ሊል ነው። ጥብጣቡን በክታቡ ላይ አዞርኩት። አረንጓዴ ሆነ። ዓይኔ ልጁን እያየ እጄ «ደህና» ብሎ ጻፈ።

«ምን አለ?» አለችኝ።

«ደህና ነው ይላል።»

«አልሐምዱሊላህ! አብሽሪ ልጄ፣ አንቺንም ደስ ይበልሽ» ብላ እጄን ስማኝ ሄደች። ወተት እንደከለከልኳት አላወቀችም፤ ምሥራች የነገርኳት መስሏታል።

በስድስተኛው ቀን የሌላ ልጅ ክንድ ስለካ ድሬሰሩ ከኋላዬ መጥቶ ቆመ።

«ምንድን ነው የምትለኪው?»

«ክንድ።»

«ክንድና ቆዳ ነው እንጂ! ስንቱን እንዲህ ለካሽ?»

«ይህን ብቻ» አልኩት። ዋሸሁ።

ወረቀቶቼን ሲያገላብጥ «ደህና»ው በዛበት። ቢቆጣኝ በተሻለኝ። «እኔ ያደግሁት አዲስ አበባ ነው፤ ክታብ የማውቀው አንገት ላይ ነው። አንቺ ግን ታውቂ ነበር» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ በስንቱ የጤና ጥናት ጠያቂ ሆኜ ዞርኩ፤ ኋላም አዲሶቹን አሠለጠንኩ። «ገብቶኛል» ለማለት የምትቸኩል ልጅ ባየሁ ቁጥር ሄጄ ጎኗ እቀመጣለሁ። ያቺን «ታውቂ ነበር» ግን እስከ ዛሬ የማደርስበት አጣሁ።

ያን ዕለት ጥብጣቡን እንደያዝኩ ወደ ባሕር ዛፉ ሮጥኩ። ሴትዮዋ ከነበረችበት ጉልቻና አመድ ቀርቷል። ጎረቤቷ፣ «አቀስታ ዱቄት አለ ሲሉ ሰምታ ወጣች። ልጄ ደህና ነው ተብያለሁ፣ መንገድ ይችላል ስትል ነበር» አለችኝ። የአቀስታን የደጋ ብርድ አውቀዋለሁ።

አጎቴን መስጊዱ አጥር ሥር ሲያስቀሩ አገኘኋቸውና ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ውሸቴንም ጭምር። ተማሪዎቻቸውን አሰናበቱ።

«ከነክታባቸው የለካሻቸው ስንት ናቸው?»

«አላውቅም አጎቴ። ለይቼ አልጻፍኩም።»

«እኔስ አይፈታ ያልኳቸው ስንት ይሆኑ?» አሉ፤ እኔን አልነበረም የጠየቁት።

በማግስቱ ሴትዮዋን ፍለጋ በእግራቸው ወደ አቀስታ ወጡ። በአምስተኛው ቀን ብቻቸውን ተመለሱ። እኔም አልጠየቅኳቸውም፣ እሳቸውም አልነገሩኝም። ከዚያ በኋላ ጥናቱ እስኪያልቅ ድረስ በየቀኑ ጠዋት መጥተው በርጩማ ላይ አጠገቤ ይቀመጡ ነበር። የእያንዳንዱን ሕፃን ክታብ እናቱን አስፈቅደው፣ ቢስሚላህ ብለው በገዛ እጃቸው ይፈታሉ፤ የክርስቲያኑንም። እኔ ለክቼ እስክጨርስ መዳፋቸው ላይ ይዘው ይቆያሉ፤ ከዚያ መልሰው ያስራሉ። እስኪሞቱም ድረስ ለሕፃን ክታብ ሲጽፉ አንገት ላይ እንጂ ክንድ ላይ አላሰሩም።