የራቤሉ ሙክትና የፔናንግ ገበታ

የምሄድ ለት ማታ እናቴ ያደረገችውን ሳልነግራችሁ ስለ ፔናንግ ምግብ ባወራ ምንም አይገባችሁም። ያለነው አገሬ ራቤል፣ ደጋው ላይ ነው። ብርዱን ታውቁታላችሁ፣ በበሩ ስንጥቅ ገብቶ ከእሳቱ አጠገብ ከሰው ጋር ቦታ ይሻማል። እኔ ሻንጣዬን እየዘጋሁ እየከፈትኩ አላርፍ ብያለሁ። እማዬ ከጋጣው አንድ የበግ ግልገል ታቅፋ ገባችና ጭኔ ላይ አስቀመጠችው።

«ይሄ ያንተ ነው» አለችኝ። «ይቀጠቀጣል፣ ይሰባል። አንተ ይህን ደጅ እስክትረግጥ ቢላዋ አይነካውም።»

«እማዬ፣ ትምህርቱ ረጅም ነው እኮ!»

«ይጠብቅሃላ! እኔስ ልጠብቅ አይደለም እንዴ?» ግልገሉን ከጭኔ አነሣችና በሩ ላይ ስትደርስ ዞር አለች። «ደግሞ ሥጋ ስትበላ ማን እንደባረከው ጠይቅ። የሰው አገር ነው ብለህ ያገኘኸውን አትብላ።»

እሺ አልኳት። እሺ ማለት ምን ይከብዳል? ማሌዥያ በየት በኩል እንዳለች እንኳ በቅጡ አላውቅም ነበር። የማውቀው ከግምገማና ከአንድ ለአምስት ስብሰባ የምታወጣኝ መሆኗን ብቻ ነው። የአንደኛ ደረጃ መምህር ነበርኩ፣ ከማስተምርበት ሰዓት የምሰበሰብበት ይበልጥ ነበር። አንድ የግል ኮሌጅ ለኮምፒውተር ትምህርት ተቀበለኝ፣ ወጣሁ፣ በቃ።

ኩዋላ ሉምፑር ስደርስ ነው የእሺታዬ ክብደት የገባኝ። አገር ቤት ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ እኛ ክርስቲያኖቹ ሙስሊም ያረደውን አንበላም፣ እነሱም እኛ ያረድነውን አይበሉም። በዚህ ማንም ማንንም አይቀየምም፣ ሠርግ ሲኖር ሁለት ቦታ ይታረዳል፣ አንድ ላይ ይጨፈራል። ማሌዥያ ግን በአንድ በኩል ያለው ሥጋ ሁሉ በቢስሚላህ የታረደ ነው፣ በሌላ በኩል ቻይናዎቹ ዘንድ አሳማ አለ። አሳማን ለእናቴ በስልክ ስሙን እንኳ አልጠራም። በሁለቱ መሃል እኔ፣ እንቁላልና ጎመን ቀረን።

ቪዛዬን ላሳድስ ኢሚግሬሽን ቢሮ ሄጄ የገጠመኝን ስሙ። ሻሿን አሳምራ የጠመጠመች ሴት ናት ያስተናገደችኝ። ቅጼን እያገላበጠች ወሬ ጀመረች።

«ምግባችን ተስማማህ?»

«ጥሩ ነው፣ ሥጋ ግን አልበላም።»

«አሃ፣ ቬጀቴሪያን!»

«አይ፣ አይደለሁም። አገሬ እበላለሁ፣ የክርስቲያን ሥጋ ብቻ ነው የምበላው።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ወንበሯን ትንሽ ወደ ኋላ ስትገፋ ነው ምን እንዳልኩ የገባኝ። «ክርስቲያን ያረደው በግ ማለቴ ነው!» ብዬ ጮህኩ፣ ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ማኅተሙን ቶሎ አድርጋ አሰናበተችኝ። ከዚያ በኋላ ማንም ሲጠይቀኝ ቬጀቴሪያን ነኝ አልኩ።

አብሮኝ የሚኖረው ሰይድ ነበር። ከወሎ በኩል ከወረኢሉ አካባቢ ነው፣ ከራቤል ጋራ ላይ ሆናችሁ ብታዩ የእነሱ አገር ጭስ ይታያችኋል። የሒሳብ መዝገብ አያያዝ ሊማር መጥቶ ነው ኮሌጁ በር ላይ የተገናኘነው፣ በመጀመሪያው ቀን «ከየት ነህ?» ተባብለን በዚያው አንድ ክፍል ተከራየን። የእሱ እናት ክርስቲያን እንግዳ ሲመጣባቸው ዶሮ ከነነፍሷ ይሰጡና የሚባርክ ክርስቲያን ጎረቤት ያስጠራሉ፣ ድስትም ከዚያው ይዋሳሉ። ሰይድ በዚህ ያደገ ልጅ ስለሆነ እኔን ማንም ሳይነግረው ገባው። ገና በገባን በሳምንቱ ሁለት ድስት ገዝቶ መጣ።

ያልገባት አከራያችን ናት። እዚያ አገር ትልቅ ሴት ሁሉ አንቲ ነው የምትባለው፣ እሷንም አንቲ እንላታለን።

«ለምን ሁለት ድስት? ተጣላችሁ?» አለች።

«አይ አንቲ፣ እንዋደዳለን።»

«ከተዋደዳችሁ አንድ ድስት ይበቃል ላ! ጋዙ የኔ ነው።» ያገሩ ሰው የንግግሩ መጨረሻ ላይ «ላ» ይጨምርበታል፣ ለቁጣም ለፍቅርም አንድ ነው። አንዴ ደግሞ የገና ዕለት አንጀቴ አልችል ብሎ ከገበያ ዶሮ ከነነፍሷ ገዝቼ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ልባርክ ስል አንቲ በጩኸቱ መጣች። «ሁለት ሰው ነው ያከራየሁት! ይቺ ኪራይ አትከፍልም!» ብላ ዶሮዬን በክንፏ አንጠልጥላ ወረደች። ማታ ከእነሱ ቤት የሾርባ ሽታ ሲመጣ እኔና ሰይድ በሳቅ ሞትን።

እንዲህ እየሳቅን ዓመታቱ ሄዱ። ትምህርቱን ጨረስኩ፣ የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ገባሁ። አንድ ቀን አውስትራሊያ ልሄድ ነው እላለሁ፣ በማግስቱ ኒውዚላንድ፣ ከዚያ ካናዳ። መጋረጃ እንኳ አልገዛሁም፣ ነገ ለምነሣበት ቤት መጋረጃ ምን ይሠራልኛል? እናቴ በደወለች ቁጥር «ለፋሲካ ነው?» ትለኛለች፣ እኔም «ለሚቀጥለው» እላታለሁ። ከዚያ ስለ ሙክቱ ታወራኛለች። «ላቱ ከበደው፣ ፀጉሩን ሸልቼ ለባና ሰጠሁት፣ ቀበሮ ሊበላው ነበር፣ አምልጦ ገብስ ውስጥ ገብቶ ከጎረቤት አጣላኝ።» ኋላ ኋላ ድምጿ ዝቅ እያለ መጣ። «ጥርሱ እያለቀ ነው ታዴ። ሣሩን መንጨት አቅቶታል፣ አሹቅ በእጄ ነው የምሰጠው።» ስልኩን ዘግቼ እንቅልፍ አጣለሁ። የሚታረድ ሳይሆን የሚጠይቀኝ በግ ሆነብኝ።

ከዚያ ሰይድ ለአገሩ ትኬት ቆርጦ መጣ። «በቃኝ» አለኝ፣ ሌላ አላለም። አንድ ነገር ብቻ ለመነኝ፣ ፔናንግ ሄደን የመንገድ ላይ ምግቡን ሁሉ እየዞርን እንድንቀምስና እዚያ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከአንድ ሰሃን አብረን እንድንበላ።

በአውቶቡስ ሄድን። ማሌዥያ ውስጥ አገሬን የሚመስል ብርድ ያለው አውቶቡስ ውስጥ ብቻ ነው፣ የማቀዝቀዣቸው ነገር አይነገርም። ፔናንግ ስንወርድ መንገዱ ሁሉ እሳትና ብረት ድስት ነው። ሰው ቤቱ ምግብ የማይሠራ ይመስላል፣ አስፋልት ዳር በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጦ ይበላል። እኛ ዘንድ መንገድ ላይ ሲበላ የታየ ሰው እናቱ ትታማለች፣ እዚህ ሽማግሌው ሳይቀር ሾርባውን ፉት እያለ አላፊ አግዳሚውን ያያል።

መጀመሪያ ቻር ኮይ ቲያው የሚባለው ዘንድ ቆምን። ሰፋፊ የሩዝ ፓስታ ነው፣ አንድ በካናቴራ ብቻ ያለ ቻይና ሽማግሌ በነበልባል ላይ ያገላብጠዋል፣ ሽታው ሩቅ ይጠራል።

«አሳማ አለበት?» አልኩ።

«ኖ ፖርክ!»

«ስቡስ?» አለ ሰይድ።

«ስብ ትንሽ ብቻ ላ! ለጣዕም!»

እኩል ዞረን እኩል ሸሸን። ከአሳማ ስንሸሽ ምንጊዜም አብረን ነን። ቀጥሎ ሮቲ ቻናይ በላን፣ ሰውዬው ሊጡን አየር ላይ እንደ ነጠላ ያወናጭፈዋል፣ ስትበሉት ግን ቅቤ የጠገበ ቂጣ ነው። ከዚያ አሳም ላክሳ፣ የዓሣ ሾርባ ነው። ዓሣን ደግሞ ማንም አይባርከውም፣ ተመስገን ብዬ ተቀመጥኩ። እንደ ሰነበተ እርሾ ይኮመጥጣል፣ ናና አለበት፣ ቃሪያ አለበት፣ አናናስም አለበት፣ ማን እንዳዋዋላቸው እንጃ። ላቤ ጠብ እስኪል በላሁ። ስጨርስ ሰይድ ከላይ ያለችው ጥቁር ማባያ ከሽሪምፕ እንደምትሠራ ነገረኝ፣ ከዚያች ትል ከምትመስል የባሕር ነገር። ምን ላድርግ፣ አማተብኩ።

ሲመሽ ናሲ ካንዳር ዘንድ ደረስን። ሩዝ ነው፣ በላዩ የፈለጋችሁትን ታስጨምራላችሁ፣ የሚሸጡት የሕንድ ሙስሊሞች ናቸው። ሰይድ አንድ ትልቅ ሰሃን አዘዘ። በግማሹ የእሱን ዶሮ፣ በግማሹ የእኔን እንቁላልና ባሚያ አስደረገ፣ መሃሉን በሩዝ ድንበር አበጀለት። ደስ ብሎታል። ሻጩ ጭልፋውን ይዞ «ባንጅር?» አለ። ባንጅር በእነሱ ቋንቋ ጎርፍ ነው፣ የወጡን መረቅ ሁሉ ላፍስስበት ወይ ማለቱ ነው። ሰይድ ሁልጊዜ እንደለመደው «ባንጅር!» አለ። የዶሮውም፣ የበሬውም መረቅ ተደባልቆ በሰሃኑ ላይ ወረደ። የእኔንም ወገን የእሱንም ወገን ጎርፍ ወሰደው።

ወንበራችን ላይ ቁጭ ብለን ሰሃኑን አየነው።

«ሰይዶ፣ ይሄን መብላት አልችልም።»

«አውቃለሁ። አፌ ነው የለመደው፣ ይቅርታ» አለ። ወዲያው ግን ፊቱ ተለወጠ። «ቆይ ልጠይቅህ። ትጾማለህ?»

«አንዳንዴ።»

«እሁድ ትሠራለህ። የንስሐ አባትህን ድምፅ ከሰማህ ዘመን ሆኖሃል። ሥጋው ላይ ስትደርስ ብቻ መነኩሴ ትሆናለህ። ይሄ ሃይማኖት አይደለም ታዴ።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ሙክቱ ነው።»

ደሜ ፈላ። «ይሄን ከበላሁ እዚህ ኖርኩ ማለት ነው» አልኩት። «እስካልበላሁ ድረስ መንገደኛ ነኝ። ነገ የምነሣ ሰው ነኝ።»

ሰይድ በዝግታ አየኝ። «ሳትበላም ኖረሃል ወንድሜ» አለ። «እኔ በላሁ፣ እሄዳለሁ። አንተ ሳትበላ ቀረህ።»

ተነሥቼ ወደ ባሕሩ ሄድኩ። እውነቱን ስለተናገረ ነው የጠላሁት። የባሕሩን ግንብ ይዤ ወዲያና ወዲህ ስል፣ ሰይድ ሰሃኑን እዚያው ትቶ አንድ ብርጭቆ ይዞ መጣ። «ጠጣ» አለኝ። ነጣ ያለ ነገር ነው፣ በረዶ ሞልቶበታል። ጣፋጭ ነው፣ ግን ከጣፋጩ ሥር የማውቀው ጣዕም አለ። ብርጭቆውን ወደ መብራቱ አነሣሁት፣ ከሥሩ ፍሬዎች አብጠው ተቀምጠዋል።

«ገብስ ነው?»

«ገብስ ነው። ባርሊ ይሉታል። እየቀቀሉ በስኳር ይሸጡታል።»

እኛ አገር ገብስና በረዶ የተገናኙ ለት መንደሩ ያለቅሳል፣ እዚህ ለጥም ይጠጡታል። ሳቅሁ፣ ሳቄ ግን መሃል ላይ ወደ ለቅሶ ሄደ። እየተቀባበልን ጠጣነው፣ ፍሬዎቹን በጣታችን እያወጣን በላናቸው፣ እስከ መጨረሻው።

«ለእናትህ ምን ልበላቸው?» አለ፣ መጀመሪያ ወደ ራቤል እንደሚሄድ ቃል ገብቶልኛል።

«ለፋሲካ ይመጣል በላቸው።»

«ለየትኛው?»

ባዶውን ብርጭቆ ለሻጩ ልመልስ ሄድኩ።

ሰይድ ለእናቴ የገዛሁላትን ሻርፕ ይዞ ሄደ። አንቲ ምድጃው ላይ አንድ ድስት ብቻ ስታይ «አሁን ገና ታረቃችሁ!» አለችኝ። ሄዷል ስላት ቆማ ቀረች፣ ማታ አንድ ሰሃን ሩዝ በጎመን ይዛልኝ መጣች።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ እማዬ ደወለች። የእኛ ሰፈር ኔትወርክ ስለማይዝ ቤተ ክርስቲያኑ ጋራ ላይ ወጥታ ነው የምትደውለው፣ ከድምጿ በፊት ነፋሱ ይሰማኛል።

«ሰይድ መጣ! መጣ፣ አደረ፣ ዛሬ ጠዋት ሸኘሁት። ምን ያለ ልጅ ነው! ሻርፑን እንኳ ሳልቀበለው አንገቱ ላይ ተጠምጥሜ አልቀቅ አልኩት። ያንተ ሽታ ያለበት መሰለኝ።»

«ምን አበላሽው?»

ነፋሱ ብቻ ነፈሰ።

«ሙክቱን» አለች።

«የቱን ሙክት?»

«ስንት ሙክት አለኝ? ጋሽ አሊን ከሱቁ ጠርቼ አሳረድኩት። በእነሱ ደንብ ታረደ፣ ሚስቱ በእነሱ ድስት ሠራችው። ልጁ ደግሞ ሙክቱ የማን እንደሆነ ሲያውቅ ‹የታዴ ነው፣ አይሆንም እማማ› ብሎ ተነሥቶ ሊሄድ! እኔ ነኝ እጁን ይዤ ያስቀመጥኩት።»

«አንቺስ?»

«እኔማ እንዴት እቀምሳለሁ? የእስላም ሥጋ ሆነ አይደል። አጠገቡ ተቀምጬ አየሁት። የሙክቱ ጥርስ አልቆ ነበር ታዴ፣ ክረምቱን አይሻገርም ነበር። ከልጄ ጋር የኖረ ሰው ይብላው አልኩ። ሲበላ አንተ የምትበላ መሰለኝ።»

እዚያ ቤት ለእኔ ያደገው በግ ታርዶ እናቴ አንዲት ቁራሽ ሳትነካ ሌላ ሰው ሲበላ እያየች ደስ ብሏታል። ላመስግናት ወይስ ልቆጣት?

«አንተስ ዛሬ ምን በላህ?» አለችኝ።

«ገብስ።»

«እሰይ! እዚያም ገብስ አለ?»

«አለ እማዬ።»

«አጎዛውን ጋሽ አሊ በጨው አሽቶ ወጥሮልኛል። ሲደርቅ አልጋዬ ሥር አደርገዋለሁ፣ ስትመጣ ትቀመጥበታለህ። በል ብርዱ ሊገድለኝ ነው፣ ልውረድ።»

ስልኩ ተዘጋ። ስልኩን እንደያዝኩ ቆምኩ፣ አንድ ነገር ጎድሎብኛል፣ ምን እንደሆነ ቶሎ አልመጣልኝም። ከዚያ ገባኝ። «ለፋሲካ ነው?» አላለችኝም። እነዚያን ሁሉ ዓመታት ይህን ሳትለኝ ስልክ ዘግታ አታውቅም።

«ለዚህኛው ፋሲካ ነው እማዬ» ልላት ቶሎ ብዬ መልሼ ደወልኩ። አይጠራም። ደገምኩ። ከጋራው ወርዳ ነበር።