ደም የሌለበት ካሴት

ይህን ነገር ሃያ ዓመት ሙሉ ለማንም ተንፍሼው አላውቅም ነበር። ለሚስቴ አልነገርኳትም፣ ለወንድሜም አልነገርኩትም። አላህ ያውቀዋል እያልኩ ራሴን ሳታልል ኖርኩ። አላህማ ያውቃል! የሰው ሐቅ ግን ባለቤቱ አፉ ብሎ ይቅር ካላለህ በሱጁድ ብዛት እንደማይለቅ ገና ወሎ ቁርኣን ቤት እያለሁ ነው የተማርኩት። እያወቅኩ ዝም አልኩ። አሁን ከሆዴ ወጥቷልና እናንተም ስሙኝ።

እንድሪስ እባላለሁ። ሰመራ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ከፊት የሞባይል ቻርጀርና ከቨር እሸጣለሁ፣ ከጀርባ ደግሞ ሰው ጥሎ የረሳውን የድሮ ጌም እሰበስባለሁ። ከገላፊ እስከ አዋሽ ያሉ ሹፌሮች ያውቁኛል፤ ጅቡቲ ገበያ ላይ አሮጌ የጌም ካሴት ካዩ «ይሄ ለእንድሪስ ነው» ብለው ያመጡልኛል። አጽድቼ፣ ሞክሬ፣ አዲስ አበባ ላሉ ሰብሳቢዎች እሸጣለሁ። ሰው በአሮጌ ፕላስቲክ እንዲህ ያብዳል እንዴ ብዬ እስቅ ነበር፤ አሁን ከእብዶቹ አንዱ ሆኛለሁ።

ያኔ ግን አዋሽ ሰባት ነበርኩ። ከጓደኛዬ ከጌታቸው ጋር ጌም ቤት ከፍተን ነበር። ጌታቸው የደብረ ብርሃን ልጅ ነው፤ ቀን ቀን መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር፣ ከሥራ ሲወጣ ወደ ጌም ቤቱ ይመጣል። ቤቱን ያከራዩን ሐጂ ሰይድ ናቸው፤ የአገሬ ሰው፣ እንደ አባቴ። ጓዳቸው እተኛለሁ፣ ከማዕዳቸው እበላለሁ።

አንዲት የድብድብ ካሴት ነበረችን። ሹፌሩም ረዳቱም የሚጋፋው በሷ ነው። ሠፈሩ አጉረመረመ፤ ደም የሚፈስበት ጨዋታ አመጡብን አሉ። ሐጂ ሽማግሌዎች ሰብስበው ጠሩን። ካሴቷ ግን ከፋብሪካው ጀምሮ ሳንሱር የተደረገች ናት፤ ሰው ሲመታ ነጭ ላብ ይረጫል እንጂ ደም አይታይም። ጌታቸው ብድግ አለና «ማርያምን፣ ደም የለበትም!» ብሎ ማለ። ማለቱ አልበቃ ብሎት፣ በዚያ ባማረ የጸሐፊ እጁ «ደም የለበትም» ብሎ ጽፎ ካሴቷ ጀርባ ላይ ለጠፈ። ሐጂም የማለ ሰው ይታመናል ብለው ፈቀዱ።

ሲምል አጠገቡ ቆሜ ነበር። እኔ ግን አውቅ ነበር!

አንድ የጅቡቲ መስመር ሹፌር አሳይቶኛል። መክፈቻው ላይ ቁልፎቹን በተራ ከተጫንክ ያ ነጭ ላብ ቀይ ደም ይሆናል። ሳንሱሩ ክዳን ነው፣ ደሙ ከሥር ቁጭ ብሏል። ጌታቸው ቢሮ ሲሆን እከፍተዋለሁ፣ መምጫው ሲደርስ ማሽኑን አጠፋለሁ። ጠፍቶ ሲበራ ተመልሶ ላብ ነው። ደንበኞቼ ጠጋ ብለው «ቲማቲም አለ?» ይሉኛል። «ሞልቷል!» እላለሁ። አይ እንድሪስ! ጓደኛህ በእመቤቱ ስም የማለበትን ነገር ቲማቲም ብለህ ትቸረችራለህ? ቸረቸርኩ። እየሳቅኩ ቸረቸርኩ።

አንድ ቀን ማሽኑን ሳላጠፋ ለአስር ሶላት መስጊድ ሄድኩ። ስመለስ ሐጂ ቀድመውኝ ገብተዋል፤ ጌታቸውም ከሥራ መጥቶ ቆሟል። ቴሌቪዥኑ ደም በደም ሆኗል። ሐጂ አልጮኹም። «በማርያም ነበር እኮ የማልከው፣ ጌታቸው» አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ? ታውቅ ነበር?»

«እኔ ምን አውቄ ሐጂ? የካሴቱን ነገር የሚያውቀው እሱ ነው» አልኩ።

ይኸው ነው ያልኩት። ማንም ጉሮሮዬን አላነቀኝም። ፈራሁ ልበል? ጓዳው፣ ማዕዱ እንዳይቀርብኝ ፈራሁ ልበል? አዎ ፈርቻለሁ። ግን የፈራ ሁሉ ጓደኛውን አይሸጥም።

ሐጂ ከወጡ በኋላ ጌታቸው ማሽኑን አጥፍቶ አበራው። ነጭ። ደግሞ አጥፍቶ አበራው። ነጭ። «እንድሬ፣ ቀይ ነበር አይደል? አይተሃል አይደል?» አለኝ። «አይቻለሁ» አልኩት፤ ሌላ ቃል አልጨመርኩም። ለጨዋታ ብዬ በስሟ ስለማልኩ እመቤቴ ተቆጥታ ያሳየችኝ ነው ብሎ አመነ።

ጌም ቤቱ ተዘጋ፤ ዕቃውንም ለአላፊ አግዳሚ ሸጥነው። ጌታቸው «በሐሰት የማለው» ተባለ። ለምስክርነት የሚጠራው፣ ለሽምግልና የሚልከው ጠፋ። ንስሐ አባቱ ዘንድ ሄዶ ቀኖና ተቀበለ፤ ላልሠራው ኃጢአት ጾመ፣ ሰገደ። በዚያው ክረምት ትንሿ ልጁ ሜሮን በወባ ወደቀች። «መሐላዬ ልጄ ላይ ወጣ» እያለ ሲያለቅስ ትከሻውን ይዤ አይዞህ አልኩት። አይዞህ! ይቺ ምላሴ ያኔ ምነው በተቆረጠች። ልጅቷ ዳነች፣ አልሐምዱሊላህ። እኔም ብዙ ሳልቆይ ሥራ አገኘሁ ብዬ ወደ ሰመራ መጣሁ፤ ሸሸሁ ማለት ነው።

ባለፈው ወር ሚሌ ላይ ምግብ ቤት ያላት ሴት፣ ሹፌር ጥሎብኝ የሄደ ነው ብላ አንድ ካርቶን ሰጠችኝ። ከሥሩ ካሴቷ ወጣች። ወረቀቱ ከነጽሑፉ፣ «ደም የለበትም»።

አዲስ አበባ ያለው ደንበኛዬ ፎቶዋን ሲያይ በጉጉት ነፍሱ ልትወጣ ደረሰች። ሳንሱር የተደረገችው ናት፣ ጥሩ ዋጋ እሰጥሃለሁ፣ ብቻ ደሙ በቁልፍ መምጣቱን በቪዲዮ አሳየኝ አለ። ሱቄ ካለው ማሽን ላይ ሰክቻት ጆይስቲኩን ያዝኩ። ጣቶቼ አልረሱም! እኔ ልረሳው ስታገል የኖርኩትን እነሱ በተራ በተራ ተጫኑት። ቀይ ሆነ። ቪዲዮውን ሳልልክ ስልኬን አጠፋሁ፤ በማግሥቱ ማሽኑንና ካሴቷን በፌስታል ቋጥሬ አዋሽ ሄድኩ።

ጌታቸው ሸብቷል። በደስታ አቀፈኝ፤ እሱ ደግሞ ባሰብኝ። ማሽኑን ከቴሌቪዥኑ ጋር አያያዝኩ። አበራሁ፣ ነጭ። አጠፋሁ። ከዚያ እያየኝ ቁልፎቹን ተጫንኩ። ቀይ። «አውቅ ነበር ጌቾ። ስትምልም አውቅ ነበር» አልኩት።

ይመታኛል ብዬ ነበር። ጆይስቲኩን ተቀብሎኝ አሳየኝ አለና ራሱ ሞከረው፤ አጥፍቶ ደገመው። «ታዲያ እኔ በሐሰት አልማልኩም ማለት ነው?» አለ። «አልማልክም» አልኩት። ሳቀ ወይስ አለቀሰ፣ ወላሂ አልለየሁትም። ስልኩን አነሳና ሎጊያ አስተማሪ ሆና ለምትኖረው ለሜሮን ደወለ። ደህና ነሽ እንኳ አላላትም። «ሜሪዬ፣ ያኔ በወባ የወደቅሽው በኔ መሐላ አልነበረም» አላት። የልጅቷ ድምፅ ከስልኩ ተሰማኝ፣ «አባዬ፣ ባንተ ነው ያለህ ማነው?»

«ማንም» ብሎ ዘጋው።

አፉ በለኝ አልኩት። መጀመሪያ ሐጂ ዘንድ ሄደህ ንገራቸው አለኝ። ሐጂ አሁን ሰመራ ልጃቸው ጋ ናቸው፤ ጁምዓ ጁምዓ አንድ ሰፍ፣ አንድ ረድፍ ላይ ነበር ጎን ለጎን የምንሰግደው። ባለፈው ጁምዓ ነገርኳቸው። አንድ ጊዜ አዩኝና «ስልኩን አምጣ» አሉኝ። ደውለው ጌታቸውን አፉ በለኝ አሉት፤ እኚያ ምንም ያላጠፉ ሽማግሌ፣ ከኔ ቀድመው።

ቀልሎኛል፣ አልዋሽም። እህል ይጣፍጠኛል፣ እንቅልፍ ይወስደኛል። ካሴቷ ጌታቸው ቤት ቀረች፤ ደንበኛዬ ዛሬም ይጨቀጭቀኛል፣ ይጨቅጭቅ። ጌታቸው ገና አፉ አላለኝም፤ «እስኪ እናያለን» ነው ያለው፣ መብቱ ነው። አንድ ነገር ብቻ አላስችል አለኝ። ሜሮን፣ አባትሽ «ማንም» ያለሽ እውነት አይደለም። ማን ነው ያለው? እኔ ነኝ፤ አጠገቡ ቆሜ፣ አይዞህ እያልኩ፣ ዝም ብዬ ያልኩት እኔ ነኝ።