ፊሎሜንና የቢቨሩ አጥንት

ሰው ሁሉ ፊሎሜን የባሏን መሬት ያጣችው ለውሾቿ የቢቨር አጥንት ሰጥታ ነው ይላል። ሱቅ ደጃፍ ይላል፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ይላል፣ መረብ ሲጠግን ይላል። እኔም ስንት ጊዜ ከንፈሬን ነክሼ ዝም አልኩ። አሁን አማቷ እማማ ማርጌሪት ካረፉ ቆይተዋል። ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ የምናገረው እሳቸውን ለመውቀስ አይደለም። በሕይወት ያለችውን ሴት ስም ሲያጎድፉት መስማት ስለሰለቸኝ ነው።

ፊሎሜን የሐይቃችን ልጅ ናት። ግን ገና ጥርሷን ሳትነቅል ሚሲዮኖች አዳሪ ትምህርት ቤት ወሰዷት፤ ጸሎት መድገምና ሸሚዝ መተኮስ አስተምረው ትልቅ ሴት አድርገው መለሷት። ከዚያ በኋላ ከተማ ሆስፒታል ልብስ ስታጥብ ኖርበርት አግኝቶ አገባት። እሱ የበረዶውን ወራት ጫካ ገብቶ ቢቨር፣ ያንን ለጠጉሩ የሚፈለገውን የወንዝ እንስሳ፣ ያጠምዳል፤ እሷ መንደር ሆና ትጠብቀዋለች። በሷ እጅ ቢላዋ ድንች ከመላጥ ሌላ ሥራ አልነበረውም።

ኖርበርት በሳንባ በሽታ ሞተ። አደራ ባለው መሠረት እዚያው ጫካው ውስጥ፣ በእጁ ከሠራት ጎጆ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ቀበርነው። እኛ ዘንድ ደግሞ የሚጠመድበት ጫካ እንደ ዕቃ አይወረስም። እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ ወንዝና ዱር አለው፤ የያዘው ሰው ሲሞት ግን ማን እንደሚተካው ሽማግሌዎች በጸደይ ተሰብስበው ይወስናሉ። መሬቱን አክብሮ መሥራት የሚችል ይይዘዋል። የኖርበርት ታናሽ ወንድም ኢሲዶር በወጥመድ ሥራ የተመሰገነ ነው፣ መሬቱም ከወንድሙ ጋር ይዋሰናል፤ ስለዚህ ሁላችንም ነገሩ ያለቀ መስሎን ነበር።

ፊሎሜን ግን ተነስታ «እኔ እይዘዋለሁ» አለች። ሳቅ ሆነ።

«የወንድሜ ሚስት» አላት ኢሲዶር፣ «ቢቨር እኮ ታጥቦ ተተኩሶ አይመጣልሽም።»

«አንተ ሸሚዝህን አምጣ እንጂ፣ የቢቨሩን እኔ አውቃለሁ» አለችው።

ከሽማግሌዎቹ ትልቁ አባባ ባርናቤ አልሳቁም። «አንድ ክረምት ሞክሪ» አሏት። «በጸደይ የሠራሽውን ቆዳ ይዘሽ ነይ፣ አይተን እንነግርሻለን።» በኋላ ለምን እንዲህ እንደደፈረች ስጠይቃት «መቃብሩ ያለበትን ጎጆ የሰው ቤት ብዬ አንኳኩቼ ልግባ?» አለችኝ። ሌላ ምክንያት አልነበራትም። ያ ጎጆ ከሌላት ምንም የላትም።

እማማ ማርጌሪት ሊያስተምሯት አብረዋት ሄዱ። የኔ ባል ማዕድን ማውጫ ስለሚሠራ ቤቴ ባዶ ነበር፤ እኔም እንጨት ልፈልጥላቸው ተከተልኳቸው። ሦስት ሴቶች፣ አንድ ምድጃ፣ ደጅ የታሰሩ የኖርበርት ውሾች። ቆዳ ፍቆ የማያውቅ ሰው ያንን ሽታ በወሬ አይረዳውም፤ ፀጉር ውስጥ ይገባል፣ ቂጣው ውስጥ ይገባል፣ ሕልም ውስጥ ሳይቀር ይገባል።

የመጀመሪያውን ቢቨር ስትገፍፍ አጠገቧ ነበርኩ። ሆዱን ከአገጩ እስከ ጅራቱ ሰንጥቆ ቆዳውን ከሥጋው መለየት ነው፤ በአፍ ሲሉት ቀላል ነው። የቢቨር ቆዳ ግን እንደ በግ ቆዳ በቡጢ ተገፍቶ አይወጣም። እያንዳንዷን ጋት በቢላዋ ማስለቀቅ ያስፈልጋል። ፊሎሜን ቸኮለች። እማማ ማርጌሪት ቆዳውን ተቀብለው ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሱት።

«ዱቄት ልትነፊበት ነው?» አሉ።

«እማማ፣ ሦስት ቀዳዳ እኮ ነው።»

«ሦስቱ የሚታዩት ናቸው። ሞራውን ስትፍቂ ወንድሞቻቸው ይወጣሉ።»

እንዳሉትም ወጡ።

ሁለተኛውን ሳትቀድ ገፈፈችው። ሞራውን ፍቃ፣ የጠጉሩን ደም በቀዝቃዛ ውሃ አጥባ፣ እንቁላል ቅርጽ አስይዛ ሳንቃ ላይ በሚስማር ወጠረችው። ደስ ስላላት ቶሎ ደርቆ ልታየው ፈለገችና ምድጃው አጠገብ አቆመችው። ጠዋት ቆዳው እንደ መስታወት አብረቅርቆ ጠበቃት፤ ጫፉን ብታጥፈው ቀጭ ብሎ ተሰበረ። እማማ ማርጌሪት በጥፍራቸው መታ መታ አድርገው ሰሙት።

«ይኼ ደረቀ አይባልም፣ ተጠበሰ ነው የሚባለው» አሉ። «በይ ቆርሰሽ ከሻይሽ ጋር ብዪው።»

ፊሎሜን ደጅ ወጥታ አለቀሰች። እኔም ተከትያት ወጥቼ ብትተወው እንደሚሻል ነገርኳት። አፍንጫዋን በጓንቷ ጠረገችና «አንቺ እንጨትሽን ፍለጪ» አለችኝ። ስድብ ባይሆንም ስድብ መስሎ ተሰማኝ፤ ሦስት ቀን አኮረፍኳት።

ከዚያ በኋላ ግን ምቀኛ ካልሆንኩ በቀር እውነቱን መናገር አለብኝ፤ ሥራው እጇ ገባ። ቢላዋውን ከመጫን ይልቅ እያስተኛች መሄድን ተማረች። ሞራውን ከአንገቱ ወደ ታች እያንከባለለች ትፍቃለች። ሳንቃውን ከምድጃው አርቃ፣ ነፋስ ዞር ዞር በሚልበት ጥግ ታቆማለች። እማማ ማርጌሪት ዓይናቸውን ጨፍነው በመዳፋቸው ቆዳውን ይዳብሱና ካልተናገሩ ምስጋና ማለት ነው። ዝም ያሉባቸው ቆዳዎች ግድግዳው ላይ እየበዙ ሄዱ።

ለእሳቸው ከቆዳውም በላይ የሚበልጥ ነገር ነበር፤ አጥንቱ። ሥጋው ተበልቶ ሲያበቃ አጥንቱ ተለቅሞ በበረዶው ቀዳዳ ወደ ውሃው ይመለሳል፣ የራስ ቅሉ ዛፍ ላይ ይሰቀላል። ለውሻ አይሰጥም። ቢቨር ራሱን ለሰው የሚሰጥ እንስሳ ነው፤ አጥንቱን ውሻ ሲያኝከው ካየ ግን ተቀይሞ ከዚያ ሰው መሬት ይሄዳል። ይህን ከጡት ጋር የጠባነው ነው። እማማ ማርጌሪት ደግሞ በዚህ ነገር ወሰን አልነበራቸውም፤ የገዛ ወንድማቸው ውሻ አንዴ አጥንት ሰርቆ ቢበላ ወንድማቸውን ዓመት ሙሉ አላናገሩትም። በሐይቁ ዙሪያ ስማቸው ሲነሳ መጀመሪያ የሚነገረው ይኼ ነው።

ችግሩ ሌላ ቦታ ተጀመረ። ፊሎሜንን «ሮዛሊ» ብለው መጥራት አመጡ። ሮዛሊ ገና በልጅነቷ የሞተች እህታቸው ናት። አንድ ቀን ሻዩ ላይ ጨው ጨመሩ። ሌላ ቀን ውሃ ሊቀዱ ወጥተው፣ ባልዲውን ይዘው በረዶው ላይ ቆመው አገኘኋቸው፤ ምን ልሠራ ወጣሁ ብለው እኔኑ ጠየቁኝ።

«ቨርና፣ ለማንም እንዳትናገሪ» አለችኝ ፊሎሜን። «ከሰሙ ከተማ ወስደው የአሮጊቶች ቤት ይከቷቸዋል። እዚያ በሳምንት ይሞቱብኛል።»

ጨዋማውን ሻይ ሳታማርር ጠጣችው። እኔ ደፋሁት።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። ጠራራ ፀሐይ ነበር፣ በረዶው ዓይን ይወጋል። ፊሎሜን የዚያን ክረምት ትልቁን ቢቨር ቆዳ እየፋቀች ነበር፣ እኔ በር ላይ ቆሜ መጥረቢያ እስላለሁ። እማማ ማርጌሪት አጥንቱን በሳህን ይዘው ወጡ። እንደ ወትሮው ወደ ውሃው ይወርዳሉ ብዬ ቀና አላልኩም። አጥንት ሲቆረጠም ሰምቼ ነው ቀና ያልኩት።

እማማ ማርጌሪት ውሾቹ መሃል ቆመው ነበር። አጥንቱን እየወረወሩ፣ ዱሮ የሞቱ ውሾችን ስም እየጠሩ «ና አንተ፣ ለአንተም አለልህ» ይላሉ። ፊታቸው ላይ የነበረው ደስታ የልጅ ደስታ ነው። የራስ ቅሉን መሪው ውሻ በሁለት እግሩ ይዞ ያኝካል። ፊሎሜን ቢላዋውን እንደያዘች ሮጣ ወጣች፣ አየች፣ ቢላዋው ከእጇ ወደቀ። ሳህኑን ከእጃቸው ቀስ ብላ ተቀብላ «እማማ፣ ይበርድዎታል፣ ይግቡ» አለቻቸው።

እሳቸውን አስገብታ ተመለሰችና አጥንቱን ከውሾቹ አፍ ለመቀማት ስንታገል፣ የኢሲዶር የበረዶ ሞተር በበረዶው ላይ እያጓራ መጣ። ዱቄትና ሻይ ቅጠል ሊያደርስልን ነው። ከሞተሩ ሳይወርድ የራስ ቅሉን አየው። ፊቱ ተለወጠ።

«ማነው?» አለ።

አፌን ስከፍት ፊሎሜን ቀደመችኝ። «እኔ ነኝ።»

እማማ ማርጌሪት ድምፁን ሰምተው በሩ ላይ ቆመዋል። የራስ ቅሉን ሲያዩ፣ በእግዚአብሔር ፊት ነው የምላችሁ፣ ሁሉንም ነገር ረስተዋል፣ የአጥንቱን ሕግ ብቻ አልረሱም።

«ማን አደረገው?» አሉ።

«እኔ ነኝ እማማ» አለች ፊሎሜን።

«እኔ ያስተማርኩሽ?»

«አዎ እማማ።»

ኢሲዶር ዱቄቱን አውርዶ ሻይ ሳይጠጣ ሄደ። ከዚያ ቀን በኋላ ወጥመዶቻችን ባዶ ሆኑ። ቅዝቃዜው ስለባሰ ነው የሚል ይበል፤ እኔ ምክንያቱን አላውቅም። የማውቀው ፊሎሜን በየቀኑ ባዶ እጇን ትመለስ እንደነበር ነው። አንድ ጊዜ ተቆጣሁ። «ለኢሲዶር እውነቱን ንገሪው፣ እናቱ ናቸው፣ ይረዳል» አልኳት።

«ይረዳል» አለች። «ከዚያስ? የእማማ ስም ሙሉ ዕድሜያቸውን ይኼ ነው። ይኼን ቀምቼያቸው መሬቱን ብይዝ ምን ልሠራበት ነው?»

«መቃብሩስ?»

የደረቁትን ቆዳዎች ጠጉር ማበጠር ቀጠለች።

በጸደይ ሰው ሁሉ ከየጫካው ተመልሶ አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰበ። የፊሎሜን ቆዳዎች ጠረጴዛው ላይ ተዘረጉ። አባባ ባርናቤ አንድ በአንድ እያነሱ ጠጉሩን በትንፋሻቸው እፍ እያሉ ሥሩን አዩ፣ አገላብጠው ቆዳውን ዳበሱ። ያ ወንፊቱም ያ የተጠበሰውም ነበሩ፤ አልደበቀቻቸውም። አባባ ባርናቤ ሁለቱን አይተው ሳቅ አሉና ወደ ጎን አደረጓቸው።

«ሌሎቹን ኖርበርት የሠራቸው ናቸው ብትዪኝ አምንሽ ነበር» አሏት። አዳራሹ አጉረመረመ፣ የምሥጋና ማጉረምረም ነው። ኢሲዶርን አየሁት፤ መሬት መሬት ያያል። ስለ አጥንቱ ሊናገር እንዳልመጣ ገባኝ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደድኩት።

የተነሱት እማማ ማርጌሪት ናቸው። በትራቸውን ተመርኩዘው፣ ድምፃቸው ጥርት ብሎ ተናገሩ።

«ቆዳ ጥሩ ነው» አሉ። «ቆዳ ማንም ይማራል። ይቺ ግን የቢቨር አጥንት ለውሻ ሰጥታለች። የልጄ ሚስት ናት ብዬ አልሸፍንም፤ በዓይኔ አይቻለሁ።»

አባባ ባርናቤ መነጽራቸውን አወለቁ። «ፊሎሜን፣ እውነት ነው?»

ልነሳ ስል ፊሎሜን በጠረጴዛው ሥር የእጄን አንጓ ያዘችኝ። ቆዳ ስትፍቅ የጠነከረ እጅ ነው፤ አጥንቴ እስኪያመኝ ጨመቀችው።

«እውነት ነው አባባ» አለች።

ሌላ የሚባል አልነበረም። መሬቱ ለኢሲዶር ተሰጠ። እሱ አጠገቧ መጥቶ ጎጆው በፈለገች ጊዜ ክፍት መሆኑን በለሆሳስ ነገራት፤ እሷም አመሰገነችው። ሰው ሲያልፍ ራቅ ብሎ ያልፋት ነበር፣ አንዳንዷማ ልጇን በእጇ ሳብ አድርጋ። እኔ ተናድጄ ነበር፤ በማን እንደተናደድኩ ግን እስካሁን አላውቅም።

ወደ ቤት ስንሄድ መንገዱ ጭቃ ሆኗል። እማማ ማርጌሪት የፊሎሜንን ክንድ ይዘው፣ ኩሬውን እያሳለፈቻቸው ይራመዳሉ። ትንሽ ሄደው ቆም አሉ።

«ያቺ ዛሬ የተቆጣናት ሴት» አሉ፣ «አንጀቴን በላችው። የማን ልጅ ናት?»

ፊሎሜን ሻርፓቸውን አስተካከለችላቸው። «የእርስዎ ናት እማማ።»

«የኔ?» አሉ። አሰቡ። «እንግዲያውስ መሬቱን አይንሷት። ሂጂና ለባርናቤ ማርጌሪት ብላለች በይው።»

«እሺ እማማ፣ እነግራቸዋለሁ» አለች ፊሎሜን፣ እና ይዛቸው ወደ ቤት ገባች።