«በሞቴ» የማይባልበት መርከብ

ባለፈው ሳምንት የልደታ ኮንዶሚኒየም ብሎካችንን የደረጃ ብረት ነጭ ቀለም ሲቀቡት፣ ሽታው በበሬ ሥር ሾልኮ ገብቶ ከብዙ ዓመት በፊት የቆምኩበት የጄኖዋ ወደብ ወስዶ አቆመኝ።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። እንግሊዝኛውንም የሆቴል ሥራውንም ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ከገዛኋቸው አሮጌ መጻሕፍት ለብቻዬ ተምሬ፣ በሜዲትራንያን ባሕር ቱሪስት በሚያዞር መርከብ ላይ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ሠራተኛ ሆንኩ። አዲስ የተቀባ ነጭ ቀለም የሚሸተውን መርከብ ፎቆች ከወደቡ ሆኜ ቆጠርኩ፤ አሥራ ሦስት ናቸው። የእኔ አልጋ ግን ከቆጠርኳቸው ሁሉ በታች፣ መስኮት በሌለው ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበር። አብሮኝ የሚያድረው ጆኤል የሚባል፣ ጠና ያለ የፊሊፒንስ ሰው ነው።

እናቴ «ባሕሩ ላይ ሳትወጣ ድምፅህን አሰማኝ» ብላ አስምላኝ ነበር። ከክረምት ጎርፍ የሚበልጥ ውኃ አይታ አታውቅም። መርከቡ የሚነሳው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ የእኔ ስልክ ደግሞ እዚያ አገር አልሠራ አለ። ጆኤል ስልኩን ስነካካ አይቶኝ የራሱን ዘረጋልኝ።

«ቤትህ ደውል፣ እንካ።»

«አይ፣ ግድ የለም። አመሰግናለሁ» አልኩት።

ጌጃ ሰፈር ያደገ ልጅ የመጀመሪያውን ግብዣ አይቀበልም። ጎረቤታችን እትዬ ተዋበች እሑድ እሑድ ማካሮኒ ስትሠራ፣ የቲማቲሙ ሽታ በጭቃው ግድግዳ ስንጥቅ እየገባ እረፍት ሲነሳኝ፣ የተዋስነውን ወንፊት ልመልስ ብዬ ከች እላለሁ።

«ና ብላ።»

«በልቻለሁ።»

«ምን በልተህ?»

«በልቻለሁ እኮ እትዬ።»

«በሞቴ! ሆድህ ሲጮህ እየሰማሁት፣ አንተ ውሸታም!»

ያኔ እንደተገደደ ሰው አቀርቅሬ እቀመጣለሁ፤ ሳህኑንም እጠርጋለሁ። አንድ ቀን ገና ስጠራ እሺ ብዬ ብቀመጥ፣ እናቴ ጆሮዬን ይዛ «ቤታቸው እህል የለም እንዲባል ነው?» ብላኛለች።

ጆኤል ግን «እሺ» አለና ስልኩን ኪሱ ከትቶ ወደ ሥራው ወጣ።

አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩት። ሰው እንዴት አንዴ ጠይቆ ይሄዳል? በኋላ ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ ፈለግኩት፤ በሮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው። ባገኘውስ ምን እለዋለሁ? እምቢ ያልኩትን ነገር ሄዶ መለመን የሚባል ትምህርት አልተማርኩም። ወደ ክፍሌ ስመለስ ጠረጴዛው ላይ ያለው ብርጭቆ ውስጥ ውኃው ይንቀጠቀጥ ነበር። ከወደብ መውጣታችንን ያወቅኩት በዚያ ነው። ጆኤል ክፉ ሰው አልነበረም፤ የነገርኩትን አምኖኝ ነው። ሰው የተናገርኩትን እንዳለ ሲያምነኝ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነበር፤ እንደዚያ ብቻዬን የሆንኩበትም ቀን የለም።

እናቴን በስልክ ያገኘኋት ከሁለት ቀን በኋላ፣ ሌላ ወደብ ስንደርስ ነው። ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ ሁለት ቀን እህል ሳትቀምስ መቀመጧን ኋላ የነገረችኝ፣ ከጌጃ ሰፈር አብራን ወደ ኮንዶሚኒየሙ የመጣችው እትዬ ተዋበች ናት። እናቴ አልተቆጣችኝም።

«ሰው አጥተህ ነው?» አለችኝ ብቻ።

«አይ እማዬ፣ ኔትወርክ ነው።»

ከዚያ ወዲያ ፈጥኜ ተማርኩ። ሲሰጡኝ እቀበላለሁ፣ ሲጠሩኝ እሄዳለሁ። ከሁለት ዓመት በኋላ ልደታ ተመልሼ እትዬ ተዋበች ገበታ አቅርባ «ና ብ...» ከማለቷ «እሺ» ብዬ ወንበር ሳብኩ። እሷ ሳቀች። እናቴ ግን ትክ ብላ አየችኝ፤ ደረጃውን ስንወርድ ክንዴን ያዝ አድርጋ «እዚያ የሚለምንህ ሰው አልነበረም አይደል?» አለችኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ፣ እየበላሁ እንኳ «በሞቴ» ማለቷን አልተወችም፤ አፌ ሞልቶ እያለ ትለምነኝ ነበር። ካረፈች ዓመት አለፈ። እትዬ ተዋበችም ልጇ ዘንድ ገብታለች። እኔ እሺም እምቢም በማይባልበት ቤት ውስጥ፣ ምሳዬን ለራሴ አቀርባለሁ።