ኖ ሞጣ ሴት

ባለፈው ሳምንት የመሥሪያ ቤቴ ኮምፒውተር ማሳያው ጨለመብኝና አንዲት ወጣት ባለሙያ መጣችልኝ። ጎንበስ ብላ ሁለት ሦስት ቁልፍ ነካች፤ ከዚያ አንዲት ቃል ጻፈች። ቃሏን አወቅኋት። እንደማያውቅ ሰው ሆኜ "ምንድን ነው እሱ?" አልኳት።

"ኖሞድሴት" አለች።

"እኛ አገር እንደዚያ አይባልም" አልኳት። የቀለድኩ መስሏት ሳቀች።

የዛሬ አሥራ ምናምን ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ቢቸና ላይ እናቴ ሞተች። የሞጣ ሰው ነበረች። ለአባቴ ተድራ ቢቸና ከገባች ሠላሳ ዓመት ቢያልፋትም ጎረቤቱ በስሟ አልጠራትም፤ "የሞጣዋ ሴት" እንዳላት ኖረ። እሷም አልከፋትም። ሽሮዋን እንኳ "የሞጣ ነው" እያለች ነበር የምታቀርበው፣ ሽንብራው የቢቸና ሆኖ ሳለ።

እኔ አላለቀስኩም። ድንኳኑ ሲተከል፣ ሰው ደረቱን ሲመታ እንደ እንግዳ ተቀምጬ አየሁ። ከቀረበልኝ ንፍሮ የባቄላውን ልጣጭ እየላጥኩ ከሰሃኑ ዳር እደረድር ነበር። "ምን ዓይነት አንጀተ ደረቅ ነው" መባሌ ጆሮዬ ደርሷል፤ እሱም አልተሰማኝም።

አንድ ቀን ሥራ የፈታ እጄ ላፕቶፔን ከፈተ። የተጫነበት ዊንዶውስ ሳይሆን ሊኑክስ የሚባለው ነው፤ ደብረ ማርቆስ የሚያስተምረው ጓደኛዬ ይበልጣል "በፍላሽ የሚዞረው ቫይረስ አይደፍረውም፣ ደግሞም በነፃ ነው" ብሎ የጫነልኝ። ላፕቶፑ አዲስ ነገር ላውርድ ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ እሺ አልኩት። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ጠፍቶ ሲነሳ የመግቢያው ድምፅ ተሰማ፤ ማሳያው ግን እንደጠቆረ ቀረ።

የእናቴ ብቸኛ ፎቶ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ያነሳሁበት ስልክ ጠፍቷል፤ ሌላ ቅጂ የለም። አርባዋ አራት ቀን ሲቀረው ታላቅ እህቷ እትዬ ጠጄ ከሞጣ በደብረ ወርቅ በኩል በቅጥቅጥ መጡ፤ ጭቃው እስከ ባታቸው ደርሷል። "ፎቶዋን አሳጥበህ ስጠኝ፣ መልኳ እየጠፋኝ ነው" አሉኝ። ያደረግኩትን አልነገርኳቸውም።

በማግስቱ ኔትወርኩ ከሚሻልበት ከግቢያችን ጥግ ቆሜ ይበልጣል ጋ ደወልኩ።

"ድምፅ አለው?" አለኝ።

"አለው።"

"እንግዲያ አልሞተም። አዲሱ ሶፍትዌርና ማሳያው አልተግባቡም ማለት ነው።"

ሲነሳ ሺፍትን ተጭነህ ያዝ፣ ዝርዝር ሲመጣ ኢ የምትለዋን የእንግሊዝኛ ፊደል ንካ፣ ሊኑክስ የሚለው መስመር መጨረሻ ላይ አንድ ቃል ጨምር አለኝ። ቃሉን ሲነግረኝ መስመሩ ይንኮሻኮሻል። የሰማሁትን በአማርኛ ወረቀት ላይ ጻፍኩና በእንግሊዝኛ ፊደል አስገባሁት። ጨለማ። ደገምኩት። ጨለማ።

እትዬ ጠጄ አጠገቤ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። እንደገና ደወልኩ።

"ምን ብለህ ነው የጻፍከው? እስቲ አንብብልኝ" አለ ይበልጣል።

ወረቀቱን አነሳሁ። "ኖ ሞጣ ሴት።"

ይበልጣል የእናቴን ሽሮ በልቷል። "ሞጣ አይደለም፣ ወንድሜ" አለ ቀስ ብሎ። "ሞድ ነው። ሞ - ድ።"

እትዬ ጠጄ ቀና አሉ። "ኖ"ን እንኳ ከተማሪ የልጅ ልጆቻቸው ለምደዋታል። "ምን አልከው? የሞጣ ሴት የለችም አልከው?"

"አዎ እትዬ" አልኳቸው። "የለችም።"

ሰው ሁሉ አንድ ወር ሙሉ ሲነግረኝ የከረመውን ያን ጊዜ ሰማሁት። ስልኩን ሳልዘጋ አለቀስኩ። እትዬ ጠጄ አላባበሉኝም። "አልቅስ ልጄ፣ ይውጣልህ" አሉና እሳቸውም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ጀመሩ።

ትክክለኛውን ቃል ሳስገባ ማሳያው በራ። መልኩ ግን አልተስተካከለም፤ ሁሉም ነገር ወደ ጎን ተለጥጧል። ፎቶውን ከፈትኩት። እናቴ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ትስቃለች፤ ያ ከሲታ ፊቷ ሰፍቷል።

"ወፍራለች" አሉ እትዬ ጠጄ፣ ደስ ብሏቸው። አላረምኳቸውም።

ቅኔ ባለሙያ ይፈልጋል ይባላል። የኔን ግን የዘረፈልኝ የተበላሸ የስልክ መስመር ነው። ወጣቷ ሥራዋን ስትጨርስ "ድጋሚ ቢጨልምብዎት" ብላ ቃሏን በቁራጭ ወረቀት ጽፋ ጠረጴዛዬ ላይ ተወችልኝ። ከወጣች በኋላ እስክሪብቶ አነሳሁና ከሥሩ የኔኑ ጻፍኩበት፤ ኖ ሞጣ ሴት።