የአራስ ቤት ሻማ

ባለፈው ሰሞን ጳውሎስ አካባቢ አንድ ካፌ ተቀምጬ መብራት ጠፋ። አስተናጋጇ ብርጭቆ ውስጥ የተሠራ ሻማ ለኩሳ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችልኝ። ቫኒላ መሰለኝ፤ ጉሮሮ ላይ የሚቀር ጣፋጭ ሽታ አለው። ሰሙ ቀልጦ ሲያብረቀርቅ ሳይ ማኪያቶዬን ረሳሁት፤ ልቤ እንጦጦ ሥር ወዳለው ወደ እናቴ ግቢ ሄደ።

ኮሮና ትምህርት ቤታችንን የዘጋበት ጊዜ ነበር። ታላቅ እህቴ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ጥቂት ሲቀራት ታመመች። እግዜር ይመስገን፣ እሷም ልጁም ተረፉ፤ ማሽተት ግን ጠፋባት። እናታችን ቤት መጥታ ስትታረስ፣ እኛ ሕፃኑን አንገቱ ሥር እያሸተትን “ወይኔ ጠረኑ!” ስንል እሷ አፍ አፋችንን ታያለች። አንድ ቀን አፍንጫዋን አናቱ ላይ ቀብራ ቆየችና ቀና ብላ፣ “የጎረቤት ልጅ ያቀፍኩ ነው የሚመስለኝ” አለች።

በዚያው ሰሞን ስልኬ ላይ ሽታ ያለው ሻማ እቤት መሥራት የምታስተምር ሴት አየሁ። በቃ! እህቴ በየቀኑ እያሸተተች ብትለማመድ አፍንጫዋ ይነቃል አልኩ። ችግሩ እናቴ ናት። እሷ እያለች ሽቶ የተቀባ ሰው የአራስ ቤት ደጃፍ አያልፍም። “ምች ልታስመቺያት ነው? የሎሚ ሻማ፣ የጽጌረዳ ሻማ... እኔ ቆሜ እያለሁማ አይሆንም!” አለች። ለመንኳት፣ አለቀስኩባት። በመጨረሻ ሲሰለቻት፣ “የምች መድኃኒት ከሆነ ይግባ” አለችኝ፣ ለቀልድ። እኔ ቀልድ አላልኩትም፤ ጓሮ ሄጄ ዳማ ከሴ ቀጠፍኩ።

እናቴ ዳማ ከሴን በእጇ አሽታ፣ ጨምቃ ነበር የምታጠጣን። እኔም እንዳየሁት አሽቼ ጨመቅሁና አረንጓዴውን ጭማቂ የቀለጠው ሰም ውስጥ ገለበጥኩት። ውሃና ሰም መቼ ይስማማሉ! ጣሳው ተንጣጣ፣ ሰሙ ግድግዳው ላይ ተረጨ፤ የተረፈችው ሻማ ስትለኮስ እንደ ተቆጣች ድመት ትተፋ ነበር። እህቴ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከወለደች ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው።

ቀስ በቀስ ለመድኩት። ቅጠሉን ጥላ ላይ አደርቃለሁ፤ ዘይት ውስጥ ሰንብቶ ሽታውን ሲለቅ አጠልለዋለሁ። የሱቅ ነጭ ሻማ ቆራርጬ፣ ጣሳውን የፈላ ውሃ ውስጥ አቁሜ አቀልጣለሁ። ከእሳት ወርዶ በረድ ሲል ነው ዘይቱን ጠብ የማደርገው፤ ሰሙ በጣም እንደሞቀ ከሆነ ሽታው በኖ ይቀራል። ለክሩ ሽሮ ሜዳ የሚሸምነው ጎረቤታችን የጥጥ ፈትል ሰጠኝ፤ ሰም አስጠጥቼ የተሸረፈ የሻይ ብርጭቆ መሀል አቆመዋለሁ።

ከሰዓት፣ ብርሃኑ በመጋረጃው ወተት መስሎ ሲገባ፣ እለኩሰዋለሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ልጁ ይተኛል፣ ቤቱ ዳማ ከሴ በዳማ ከሴ ይሆናል። እናቴ እንኳ “ደስ ሲል!” እያለች ትገባ ጀመር። እህቴ ዓይኗን ጨፍና አየሩን በረጅሙ ትስባለች።

“መጣ?”

“ምንም።”

እንዲህ እያልን ክረምቱ አለፈ፤ እሷም ወደ ቤቷ ገባች።

አፍንጫዋ የተመለሰው ልጁ ድክ ድክ ማለት ሲጀምር ነው። እናቴ ግቢ ተሰብስበን ሳለ ልጁን ከመሬት አንስታ አንገቱ ሥር ሸጎጥ አለችና “ሸተተኝ! ኧረ ሸተተኝ!” ብላ ጮኸች። እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው። እህቴ ግን ደጋግማ አሸተተችው፤ ባሸተተችው ቁጥር ፊቷ ይለወጥ ነበር። ልጁ ሳሙና ነው፣ አፈር ነው፣ ፀሐይ የመታው ፀጉር ነው። የአራስነቱ ጠረን ለቆት ሄዷል። እኔም ያኔ ነው የገባኝ።

እናቴ ልጁን ይዛ ስትገባ እህቴ አጠገቤ ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

“አንቺ አሽትተሽዋል” አለችኝ ቀስ ብላ። “ያኔ፣ ገና ጨቅላ ሳለ፣ ምን ምን ይል ነበር?”

ወተት ወተት፣ ቅቤ ቅቤ ልላት ነበር። ዓይኖቿን አየሁና ተውኩት።

“አንቺን አንቺን ነበር የሚለው” አልኳት።