ከድንጋዩ እስከ ማጥፊያው አምስት እርምጃ

ባለቤቴ በሕይወት ሳለ የእኔ ሥራ መቆም ነበር። ሰው «ምን ትሠሪያለሽ?» ሲለኝ «እቆማለሁ» እላለሁ፤ ቀልድ ይመስላቸዋል። እሱ መሮውን ይስላል፣ እኔ ግድግዳው ላይ ያለው ማብሪያ ማጥፊያ ጋ እጄን አስደግፌ እቆማለሁ። የመሳያው ድንጋይ ቢሰነጠቅ ወይም ልብሱን ቢይዘው፣ ወይም ሞተሩ ቢጨስ፣ የማጠፋው እኔ ነኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ቆሜያለሁ።

ቤታችን ሐዋሳ፣ መናኸሪያ ክፍለ ከተማ ነው። ከግቢው ጀርባ ባለው የቆርቆሮ ቤት ውስጥ የእንጨት መቅረጫ ቶርኗችን አለ፤ የአልጋ እግር፣ የወንበር እግር፣ የደረጃ መደገፊያ ዘንግ እናወጣበታለን። በበሩ በኩል የመሳያው ድንጋይ ይገኛል። ባለቤቴ በአሮጌ የውሃ መሳቢያ ሞተር ላይ ራሱ የገጠመው ስለሆነ የራሱ ማጥፊያ የለውም ነበር። ማጥፊያው ማዶ ግድግዳ ላይ፣ አምስት እርምጃ ርቆ ነው። ዋንዛ እንጨት መሮን ቶሎ ያደነዝዛል፤ በቀን ሦስት አራት ጊዜ መሳል ግድ ነው። በቀን ሦስት አራት ጊዜ «ነይ እስቲ» ይለኛል፤ ወጥ ጥጄም ቢሆን፣ ልብስ ዘፍዝፌም ቢሆን፣ እጄን እየጠራረግኩ እሄዳለሁ።

ያ ሰው ሲስል ቀዳሽ ነበር የሚመስለው። መጀመሪያ ከድንጋዩ ሥር ያለውን የእንጨት ብናኝ እንድጠርግ ያዝዘኛል፤ ብልጭታው ብናኝ ላይ ካረፈ ውስጥ ውስጡን ሲጨስ ይቆይና ሰው ከወጣ በኋላ ይነድዳል። ከዚያ እጅጌውን እስከ ክርኑ ይሰበስባል። ጓንት አያደርግም፤ «ጓንት ጣትን ይዞ ነው የሚገባው» ይላል። መነጽሩን ያጠልቃል። ድንጋዩን በመሮው የእንጨት እጀታ ኳ ኳ ያደርግና ጆሮውን ያስጠጋል፤ ጤነኛ ከሆነ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የተሰነጠቀ ከሆነ ድምፁ እንደ ነቃ ሸክላ ነው። በድንጋዩና በመሮው ማስደገፊያ ብረት መካከል የክብሪት እንጨት ያህል ክፍተት ብቻ መኖሩን ያያል። በመጨረሻ ከድንጋዩ ፊት ወደ ጎን ገለል ይልና፣ ሳያየኝ፣ «አለሽ?» ይላል።

«አለሁ» እላለሁ። ያን ጊዜ አበራለታለሁ።

«አለሁ» ካላልኩ አይበራም። አንዴ በልጃችን ሠርግ ምክንያት ተኳርፈን ሳምንት ሙሉ አንነጋገርም ነበር። ምግቡን ዝም ብዬ አቀርባለሁ፣ ዝም ብሎ ይበላል። ቢሆንም በቀን ሦስት አራት ጊዜ «አለሽ?» ይላል፣ «አለሁ» እላለሁ። በዚያ ሳምንት ከቤታችን የወጣው ቃል እሱ ብቻ ነው።

እኔ ግን አመስጋኝ ሚስት አልነበርኩም። እነጫነጭ ነበር። «የሰፈሩን ሞተር ሁሉ የምትጠግን ሰውዬ፣ ይቺን ማጥፊያ አምስት እርምጃ ማቅረብ አቃተህ?» እለዋለሁ። እሱም ሳይነቃነቅ «ገመድ አጥሮኝ ነው» ይላል። ወይም ደግሞ «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ብሎ ይተርትብኛል። ልጃችን ተድራ ወደ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ከሄደች በኋላማ ባሰብኝ። ቤቱ ጭር አለ፣ ቀኑ ረዘመ። «ማጥፊያውን አቅርብና ነፃ አውጣኝ፤ እኔም ገበያ ላይ አንድ መደብ ይዤ ሰው ልይበት» አልኩት። «እሺ» አለ። ሳምንታት አለፉ፤ ስጠይቀው ያው «ገመድ አጥሮኝ ነው» ሆነ። ተውኩት። ገበያውንም ተውኩት።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት ትንፋሽ ሲያጥረው ቶርኖውን አስተማረኝ። እንጨቱን አስሮ መቅረጹን እኔ ያዝኩ። መሳሉን ግን አላስነካኝም። «አንቺ ከሳልሽ ማጥፊያው ጋ ማን ይቆማል?» ይለኝ ነበር። «አንተ ቁማ!» ስለው ይስቃል። ባለፈው ዓመት፣ ሁለት ሳምንት ታሞ ሞተ።

ከአርባው በኋላ ቤቱን የሞላው ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ገባ። እንዲህ ነው፤ ሰው አልወቅስም። ግን ከዚያ በኋላ ያለው ጸጥታ ምን እንደሚመስል የነገረኝ አልነበረም። ጠዋት ከመናኸሪያው «ሻሸመኔ! ዲላ! ዲላ!» የሚለው ጩኸት ሲጀምር እነሣለሁ፤ ማታ ሲያቆም እተኛለሁ። በመካከሉ አንድም ሰው «ነይ እስቲ» አይለኝም። እጄ ላይ ሥራ እያለ መጠራት ያንገበግበኝ የነበረው እኔ፣ የሚጠራኝ ባጣ ጊዜ እጄን የማደርግበት ጠፋኝ።

አንድ የደረጃ ሥራ በጅምር ቀርቶ ነበር። ከአርባዎቹ ዘንጎች ሃያ ስድስቱን እሱ አውጥቷቸዋል። ቤት የሚሠራው ሰውዬ መጥቶ «ሐዘን ላይ ነዎት፣ ሌላ ሰው ልፈልግ» ሲለኝ፣ «እኔ እጨርሳለሁ» አልኩት። ልጄ ይህን ስትሰማ ተቆጣች። ቶርኖውም ሞተሩም ተሸጦ እሷ ቤት እንድገባ ነበር የምትፈልገው። የልጅ ቤት ክፉ አይደለም። ግን እዚያ ገብቼ ጥግ ላይ የምቀመጥ አሮጊት መሆኔ ታየኝና ፈራሁ። አሥራ አራቱን ዘንግ ከጨረስኩ ቤቱ የእኔ ይሆናል፣ ካልጨረስኩ እሸኛለሁ፤ ነገሩ ለእኔ እንዲያ ነበር።

ሁለቱን ዘንግ እሱ ስሎ በተዋቸው መሮዎች አወጣሁ። ሦስተኛው ላይ መሮው ደነዘ። የደነዘ መሮ እንጨት አይቆርጥም፣ ይነክሳል፤ ነክሶም ከእጅ ይፈናጠራል። አንዴ ተፈናጥሮ ከጆሮዬ አጠገብ አለፈ። መሳል እንዳለብኝ ገባኝ።

እንዴት እንደሚሳል አውቃለሁ። ሃያ ዓመት ሌላ ምን አይቻለሁ? የእጁን አያያዝ፣ የክርኑን ማዕዘን፣ መሮውን ሲያዞር ወገቡን እንዴት እንደሚያዞር፣ ሁሉንም ከማጥፊያው ጋ ሆኜ በቃሌ ይዤዋለሁ። ጠረግኩ፣ መነጽሩን አጠለቅኩ፣ ድንጋዩን ኳ አድርጌ አዳመጥኩ፣ ክፍተቱን አየሁ። ሁሉንም አሟላሁ መሰለኝ። ሄጄ አበራሁና አምስቱን እርምጃ ተመልሼ ጎንበስ አልኩ።

የረሳሁት ጥቁር ነጠላዬን ነው። ዓመት ሳይሞላ ከላዬ አይወርድም፤ ለብሼው ተኛሁ፣ ለብሼው ተነሣሁ፣ እንደ ቆዳዬ ሆኖ ነበር። ባለቤቴ ክር የተንጠለጠለበት ሰው እንኳ ወደ ድንጋዩ አያስጠጋም። እኔ ግን ነጠላውን አንገቴ ላይ ጠምጥሜ፣ ዘርፉን በደረቴ ለቅቄ ሐዘኔን ይዤ ገባሁ።

ድንጋዩ ዘርፉን ክፍተቱ ውስጥ ሳበው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ድንጋዩም የነሱ ወገን ነው። አንገቴን ይዞ ወደ ታች ወሰደኝ። ሁለቱን እጆቼን ጠረጴዛው ላይ ተክዬ ገፋሁ፤ ፊቴ ድንጋዩ ጋ ለመድረስ የቀረው አንድ ስንዝር ነው። ጮኽኩ። ከውጭ «ዲላ! ዲላ!» ይላሉ፤ ማን ይስማኝ? በዐይኔ ጥግ ማጥፊያው ይታየኛል። ማጥፊያው ጋ ማንም የለም። ያኔ የተሰማኝ ፍርሃት ብቻ አልነበረም፤ ንዴትም ነበር። «የት ሄድክ!» ብዬ ጮኽኩበት፣ በሟች።

ነጠላው አሮጌ ነበርና ተቀደደ። ወደ ኋላ ወደቅኩ። ተነሥቼ ግድግዳውን ተደግፌ አጠፋሁትና እዚያው፣ ሃያ ዓመት የቆምኩበት ቦታ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። በለቅሶው ሰሞን እንደዚያ አላለቀስኩም።

አንገቴ ላይ ቀይ ሰንበር ወጣ። እሑድ ልጄ ስትመጣ በሻሽ ብሸፍነውም አየችው። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብላ «እማዬ፣ አንድ ቀን ሞተሽ የሚያገኝሽ ማነው?» አለች። በዚህ ቤት ሕግ ሁለት ሰው ከሌለ አይሳልም፤ እኔ ደግሞ አንድ ነኝ። «በሚቀጥለው እሑድ እንነጋገራለን» አልኳት፤ ለእኔም ለእሷም የመሸጡ ነገር ያለቀ መሰለን።

ማክሰኞ ዕለት፣ ሰው ሳይገዛው በፊት ያንን ድንጋይ በሌላ ልተካው ብዬ የባለቤቴን የዕቃ ሣጥን ከፈትኩ፤ እንዲያ ተጎትቶ ስንጥቅ ቢኖረው ለሌላ ሰው ጦስ ነው። ሣጥኑ ሥር፣ ከትርፍ ድንጋዩ በታች፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አገኘሁ። ተጠቅልሎ የታሰረ የኤሌክትሪክ ገመድና ከነማሸጊያው ያለ ማጥፊያ ነው።

አጠገባችን የብየዳ ቤት ያለውን ጎረቤቴን ጠራሁት። የሲዳማ ልጅ ነው፣ ጨዋ፣ ኤሌክትሪክም ይነካካል። ማጥፊያውን አገላብጦ አየና «እናቴ፣ ይሄ የቆየ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ሱቅ ላይ ከጠፋ ስንት ዓመቱ! ግን ጤነኛ ነው፣ ይሠራል» አለኝ። ገመዱን ከግድግዳው እስከ ድንጋዩ ዘርግቶ ለካው። ልክ ደረሰ። አላጠረም፣ አልተረፈም።

ከዚያ የድንጋዩን ጠረጴዛ እግር ሊበሳ ተንበረከከና መሰርሰሪያውን መልሶ አስቀመጠ።

«ምነው?» አልኩት።

«እዚህ ተበስቶ ነበር እኮ። የማጥፊያ ቀዳዳ ነው፣ ሁለት። ቆይተው ዘግተውታል።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ሁለት ትንንሽ የዋንዛ ውታፎች፣ በቶርኖ የወጡ፣ ተለስልሰው ከእግሩ ጋር እኩል የተደፈኑ። ስንት ጊዜ ጨርቅ አሳልፌባቸው ይሆን? ጎረቤቴ «የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። እስከ ዛሬ ለምን አልሠሩትም?» አለኝ። ባለቤቴ ገመዱን ገዝቷል፣ ለክቶ ቆርጧል፣ በስቷል። ከዚያ ሐሳቡን ለውጦ ቀዳዳዎቹን ደፍኖ፣ ገመዱን ጋዜጣ ውስጥ ጠቅልሎ ደበቀና «ገመድ አጥሮኝ ነው» አለኝ። ልጃችን ከሄደች፣ እኔም ገበያ ከወጣሁ፣ ያ ቤት ለእሱ ምን ሊመስል እንደነበር አሁን አውቀዋለሁ። እኔ ዛሬ የምኖርበት ቤት ነው።

አንድ ቀን እንኳ «አትሂጂብኝ» አላለኝም። ቢለኝ እስቅበት ነበር፣ እውነቱን ለመናገር።

ጎረቤቴ ውታፎቹን መትቶ አወጣቸውና ማጥፊያውን በጉልበቴ ትክክል ገጠመው፤ እጄ ቢያዝ በጉልበቴ ገፍቼ አጠፋዋለሁ። ድንጋዩንም ለወጠልኝ። የግድግዳውን ማጥፊያ ሊፈታ ሲል «ተወው» አልኩት። «አሁንማ ምን ያደርግልዎታል?» አለ። «ይኑር» አልኩት። ሞክሮ፣ «ጌታ ይጠብቅዎት» ብሎኝ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ብቻዬን ስቀር ነጠላዬን አወለቅኩ። ዓመት አልሞላም፤ ሰው ቢያየኝ ያማኛል፣ ይማኝ። ሄጄ ግድግዳው ላይ፣ ድሮ የምቆምበት ማጥፊያ አጠገብ ሰቀልኩት። ተመልሼ ብናኙን ጠረግኩ፣ እጅጌዬን ሰበሰብኩ፣ መነጽሩን አጠለቅኩ፣ አዲሱን ድንጋይ ኳ አድርጌ አዳመጥኩ፣ የክብሪት እንጨቱን አስገብቼ ለካሁ፣ ወደ ጎን ገለል አልኩ። ከዚያ ዝም ብዬ ቆምኩ። ለካ የምጠብቀው ነገር ነበር።

የሚጠይቀኝ አልነበረም። መንገዱ ላይ «ዲላ! ዲላ!» ይላሉ።

«አለሁ» አልኩ ጮክ ብዬ፣ አበራሁትም።